እስከ ቡቲዬ ደርሶ መመለስ

ጋሽ ደርቤ ማረፋቸውን የነገረኝ ጂሎ ነው። ሞያሌን ከለቀቅሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ስልኬን ከማን እንዳገኘ አልጠየቅሁትም። ጂሎ ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ ከብት የሚጭን ሾፌር ነው። በሦስት ቋንቋ ይቀልዳል፣ በሦስቱም ይዋሻል፤ ውሸቱ ግን ምንጊዜም ሰውን ለማስደሰት ነው። በዚያን ቀን አልቀለደም። «ዶክተር፣ ፈንዲ አረፈ» አለኝ። «የቀብሩ ቀን መኪና የወጣ የለም፤ ሁሉም ቆሞ ዋለ» ሲል ጨመረ።

ፈንዲ በኬንያ በኩል የእጅ ባለሙያ ሁሉ የሚጠራበት የስዋሂሊ ቃል ነው። ግንበኛው ፈንዲ ነው፣ ልብስ ሰፊውም ፈንዲ ነው። ሞያሌ ውስጥ ያለ ተጨማሪ ስም «ፈንዲ» ሲባል ግን የሚታሰቡት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ።

ሰው ሲሞት ትሑት ነበር ማለት በእኛ ዘንድ ልማድ ሆኗል። ጋሽ ደርቤ ትሑት አልነበሩም። የሌላ መካኒክ እጅ የገባ ሞተር ሲመጣላቸው በቅድሚያ ጎንበስ ብለው ያሸቱትና፣ «ይህንን የነካው ሰው እርሻ ነበረው? ወደ እርሻው ይመለስ» ይሉ ነበር። ሸሚዛቸውን ሥራ ላይ ሳሉም እስከ አንገታቸው ይቆልፋሉ። ሠራዊት ውስጥ መካኒክ ሆነው ነው ያረጁት፤ መንግሥት ሲወድቅ በሞያሌ በኩል ወጡ፣ ኬንያ ውስጥ ዋልዳ በነበረው የስደተኞች ሰፈር ቆዩ። ሰፈሩ ሲዘጋ ሌሎቹ ወደ ደቡብ ሲበተኑ፣ እሳቸው ወደ ድንበሩ ተመልሰው በኬንያ በኩል ጋራዥ ከፈቱ። ከጋራዡ ደጃፍ የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ሲውለበለብ ይታያል። በእግር የሚደረስበት ነበር፤ አይሄዱም። ምክንያቱን አንድ ጊዜ ጠይቄያቸው፣ «እዚያ ማን መኪና ያሳየኛል?» አሉኝ። ይህ መልስ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ከሠራዊቱ ይዘው የወጡት ንብረት አንድ የዘይት ግፊት መለኪያ ነበር፤ ነሐስ አካል፣ ባለ መስተዋት ፊት፣ ረጅም የጎማ ቱቦ። ዋልዳ ሳሉ ብርድ ልብሳቸውን ሲሸጡ እሱን አልሸጡም። ዝናቸው ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ ዕቃ ላይ ነበር።

ነገሩ ለማያውቅ ላስረዳ። በዚያ ዘመን ከሞያሌ ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ አስፋልት አልለበሰም። መኪኖች የሚወጡት በአጀብ፣ በታጠቀ ጠባቂ ታጅበው ነው፤ ከአጀቡ የቀረ ለሽፍታ እንደቀረ ይቆጠራል። አሮጌ ሞተር በበረሃው መካከል የዘይቱን ግፊት ካጣ ብረት በብረት ላይ ይፈጫል፣ ሞተሩ ይነክሳል፣ ተጣብቆ ይቆማል፣ ላዩ ላይ የተጫነው ከብትና ሰው ፀሐይ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ወደ ደቡብ የሚወጣ ሾፌር ሁሉ ሞተሩን አስነሥቶ በጋራዡ ፊት ያልፋል፤ በመስኮት አንገቱን አውጥቶም «ፈንዲ፣ ልሂድ?» ይላል። ጋሽ ደርቤ ያዳምጣሉ። ከዚያ በመዳፋቸው ኮፈኑን አንድ ጊዜ መታ አድርገው፣ ለአማራው «ሂድ»፣ ለቦረናው «ደሚ»፣ ለኬንያዊው «ኔንዳ» ይላሉ። እጃቸው ካልተነሣ ሾፌሩ ሞተሩን ያጠፋል። ክርክር አልነበረም።

አሠራራቸው ሥርዓት ነበረው። የዳሽቦርዱ የዘይት አምፖል ብልጭ አለብኝ የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጥሩት አምፖሉን ነው። «ወሬ ሲደርስህ በፊት ወሬኛውን መርምር» ይሉ ነበር። ዘንጉን መዘው የዘይቱን መጠን ያያሉ፤ ዘይቱን በሁለት ጣታቸው አሽተው ነዳጅ ገብቶበት ቀጥኖ እንደሆነ ያሸታሉ። ከዚያ ፊልትሮውን። ከዚያ አምፖሉን የምታበራውን ትንሽ ሴንሰር ፈትተው በቦታዋ የራሳቸውን መለኪያ ያሥራሉ። ከዚያም ማንም ሌላ ጋራዥ የማያደርገውን ያደርጋሉ፤ ረጅሙን ቱቦ በመስኮት አሳልፈው፣ መለኪያውን እንደ ጫጩት በመዳፋቸው ይዘው ከባለ መኪናው ጎን ይቀመጡና «በል፣ እስከ ቡቲዬ» ይላሉ።

ቡቲዬ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ፣ ጎጆና ፍየል የበዛበት መንደር ነው። እዚያ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጀው ጊዜ ሞተሩን በሚገባ ያግለዋል። «ቀዝቃዛ ሞተር ሁሉ ጤነኛ ነው» ይሉ ነበር። «ዘይቱ ወፍራም ነው፤ የላላውን ሁሉ ይሸፍንለታል። ስታግለው ነው ጉዱ የሚወጣ።» በመመለሻው፣ ሞተሩ ግሎ እግር ከነዳጁ ላይ ሲነሣ፣ መርፌዋን ያነባሉ። ከወረደች፣ ፓምፑንና ወንፊቱን አይተው ደህና ከሆኑ፣ የቀረው የሞተሩን ዋና ዘንግ፣ ክራንክሻፍቱን፣ የሚሸከሙት ኩሽኔታዎች መበላት ነው። ያኔ ፍርዱ «ይከፈት» ነው። ተከፍቶም ተሳስተው አያውቁም፤ ኩሽኔታው ሁልጊዜ ተበልቶ ይገኛል። «ሞተር ሲከፈት ያምናል» ይሉ ነበር፣ በኩራት።

ይህ አባባል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደስ አላለኝም። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ።

እኔ ሞያሌ የነበርኩት ለጉድጓድ ውኃ ሥራ ነው። ትምህርቴ የከርሰ ምድር ውኃ ነው፤ ማንም የማያነባቸው ሪፖርቶች ለመጻፍ ከሚያስፈልገው በላይ ተምሬያለሁ። ከጋሽ ደርቤ ጋር ያስተዋወቀን የመሥሪያ ቤቱ አሮጌ ፒካፕ ነው። መንገድ ላይ ያወራሉ፣ እኔ አዳምጣለሁ፤ ወሬ የማልወድ ሴት መሆኔን በመጀመሪያው ቀን ተረድተው ለእኔ የሚሆን ወሬ መረጡ። ስለ ሞተር ብቻ ነበር። በሕይወቴ ያለ ትርፍ ቃል ያወራኝ ሰው ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ሀዋ ልምጣ።

ሀዋ በዕድሜ እኩያዬ የሆነች ነጋዴ ነበረች፤ ከኢትዮጵያ በኩል ፍየል እየገዛች ወደ ደቡብ ትጭናለች። ባሏ ሲሞት የቀረላት አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ነው። እኔ ወደ ሞያሌ ከመምጣቴ በፊት የዳሽቦርዱ አምፖል ብልጭ ማለት ጀመረባት፤ ወደ ፈንዲ ወሰደችው። እስከ ቡቲዬ ደርሰው ተመለሱ፤ መርፌዋ ወረደች። «ይከፈት» አሉ። ማስከፈቻ አልነበራትም። በቁራጭ ብረት ዋጋ ሸጠችውና፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ፍየሎቿን በሰው መኪና ላይ ቦታ እየለመነች የምትጭን ሆነች። ቦታ ሲጠፋ ፍየል ይከሳል፣ ይሞታል። ንግዷ እንዴት እንደቀጨጨ የከብት ገበያው ሁሉ አይቷል።

መኪናዋን የገዛት ጂሎ ነበር። መኪናዋም አልሞተችም።

በየሳምንቱ ተጭና በጋራዡ ፊት ታልፋለች። ጂሎ ሲያልፍ «ልሂድ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ጥሩምባውን ይነፋና በመስኮት፣ «ፈንዲ! ሟችህ ሰላም ብላሃለች!» ይላል። ጋራዡ በሳቅ ይሞላል። በዚያ ገበያ አማርኛ አንቱታ የሚባል ነገር የለም፤ ቦረናውም ሱማሌውም ሽማግሌውን «አንተ» ይላል፣ ክብሩን በሌላ መንገድ ያሳያል። ጂሎም ፈንዲን ይወዳቸው ነበር። ጋሽ ደርቤ ግን አይስቁም።

«ወፍራም ዘይት እየሞላ ነው የሚያስኬዳት» ይላሉ። «ቀኗን ትጠብቅ።»

«የቀብሯን ንፍሮ እኮ በልተህ ጨርሰሃል፤ እሷ ግን እስካሁን ትጭናለች!» ይላል ጂሎ።

መኪናዋ ዳገቱን ስትወጣ ድምፅዋ እስኪጠፋ መፍቻቸውን ይዘው ይቆሙ ነበር። የሚያዳምጡት በንዴት ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ የእኔ ፒካፕ አምፖል ብልጭ አለ። ሥርዓቱ ሁሉ ተፈጸመ፤ ዘንጉ፣ ፊልትሮው፣ ሴንሰሩ፣ ቱቦው፣ ቡቲዬ። ስንመለስ መርፌዋን አሳዩኝ። «ዶክተር፣ ይከፈት» አሉ።

እኔ በአንድ መለኪያ አላምንም። ይህ ጋሽ ደርቤን መጠርጠር አልነበረም፤ ሙያዬ ነው። የጉድጓድ ፓምፕ የምንፈትሽበት፣ ትክክለኛነቱ በቅርቡ የተረጋገጠ መለኪያ ነበረኝ። በማግስቱ እሱንና ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ ይዤ ሄድኩ፤ ሁለቱን በአንድ ቱቦ ላይ አሠርናቸው። ሞተሩ ግሎ ነበር። አንዱ ግፊት ሁለቱንም መርፌዎች ገፋ። የእኔ ከፍ ብላ ቆመች፤ የእሳቸው ዝቅ ብላ።

ጋሽ ደርቤ ጥቂት ተመለከቱና፣ «ያንቺ የውኃ ነው» አሉ።

«ግፊት ግፊት ነው፣ ጋሽ ደርቤ።»

«የእኔ እኮ ከጀርመን የመጣች ናት።»

«የመጣችበትን አልጠየቅሁም። ሞተሩን ያጥፉት።»

አጠፉት። የእኔ መርፌ ወደ ዜሮ ተመለሰች፤ የእሳቸውም ተመለሰች። «ይኸው!» አሉ በድል። «ብትበላሽ ዜሮዋን ታገኝ ነበር?»

እንዲህ ባሉ አሮጌ መለኪያዎች ፊት ላይ፣ በዜሮው ቦታ፣ መርፌዋ የምትደገፍባት ቀጭን ብረት አለች። መስተዋቱን እንዲከፍቱልኝ ጠየቅኋቸው። ከፈቱት። በጥፍሬ መርፌዋን ከብረቷ በላይ አነሣሁና ለቀቅኋት። ዜሮ ላይ አልቆመችም። ከዜሮ በታች ወርዳ ተንጠለጠለች።

መለኪያ ሲወድቅ እንዲህ ይሆናል። መርፌዋ ከትክክለኛ ቦታዋ ተንሸራታ፣ ሥራ ላይ ሳትሆን ብረቷ ደግፋ ጤነኛ አስመስላታለች፤ ግፊት ሲመጣ ግን ሁልጊዜ አሳንሳ ትናገራለች። ሁሉንም በአጭሩ አስረዳኋቸው። አሮጌ ሞተር የተባለ ሁሉ ሲከፈት የተበላ ኩሽኔታ እንደማይጠፋበትም ነገርኳቸው፤ ስለዚህ መክፈቱ ማስረጃ አልነበረም። የፒካፑ ሞተር ደህና ነበር። የሚዋሸው ሴንሰሩ ነው። እሳቸው ወሬኛውን ለመመርመር የተጠቀሙት በሌላ ወሬኛ ነበር።

ጋሽ ደርቤ መርፌዋን ወደ ላይ ገፉ፣ ለቀቁ። እንደገና ገፉ፣ ለቀቁ።

«ከኮፈን ላይ ወድቃ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «አንሥቼ አየኋት፤ ዜሮ ላይ ነበረች።»

«መቼ?»

ሸሚዛቸው ላይ እጃቸውን ጠረጉ፤ ሲያደርጉት አይቼ አላውቅም። «ከሀዋ በፊት» አሉ።

ጂሎ በሚመለስበት ቀን መለኪያዬን ይዤ ወደ ከብት ገበያው እንድመጣ ጠየቁኝ። ጂሎ ከመንገድ ገብቶ ሞተሩ እንደጋለ ነበር። ጋሽ ደርቤን ሲያይ ጥሩምባውን ነፋ፤ «ፈንዲ፣ ሟች ልትጎበኝ መጣህ?» አለ። ፊታቸውን ሲያይ ግን ቀልዱን ተወና ራሱ ኮፈኑን ከፈተ። ሴንሰሩን ፈትተው የእኔን መለኪያ አሠሩ። ሞተሩ ተነሣ። መርፌዋ ወጥታ ቀጥ አለች፤ ለዕድሜዋ ከሚጠበቀው በላይ።

ሀዋ አጠገባችን ቆማ ነበር። ፍየሎቿን በዚያች መኪና ላይ ለመጫን ቦታ ተሰጥቷት ስትጠብቅ ነበር፤ በራሷ መኪና ላይ።

«ሀዋ» አሉ ጋሽ ደርቤ። «መኪናሽ ደህና ነበረች።»

«አውቃለሁ፣ ፈንዲ። በየሳምንቱ አያታለሁ።»

«መለኪያዬ ተበላሽታ ነው። ጆሮዬ ደህና ናት ብሎኝ ነበር። ያን ዕለት፣ ከቡቲዬ ስንመለስ፣ ሰምቻለሁ። መርፌዋን አመንኩ።»

ሀዋ ወደ ጂሎ አየች፤ ጂሎ ወደ መሬት። «መኪናዋን ሊገዛኝ ሲመጣ እኮ ይህ ልጅ ነግሮኝ ነበር» አለች። «‹ማማ ሀዋ፣ ድምፅዋ ደህና ነው፣ ብትቆይ ይሻልሻል› አለኝ። ገዢው ራሱ! እኔ ምን አልኩት? ፈንዲ አይሆንም ካለ አይሆንም አልኩት።» ነጠላዋን አጥብቃ አሠረች። «በል አሁን ኮፈኑን ዝጋልኝ፤ ፍየሎቹ ፀሐይ ላይ ናቸው።»

ቁጣ ጠብቄ ነበር። ቁጣ ቢሆን ኖሮ የሚመለስበት መንገድ ይኖረው ነበር፤ ሽማግሌ ይላካል፣ ካሣ ይባላል፣ ያበቃል። ሀዋ ግን ምንም አልጠየቀችም። ጋሽ ደርቤ ኮፈኑን በሁለት እጃቸው ዘጉት፤ ቀስ ብለው፣ ድምፅ ሳያሰሙ። ሌሎቹ ሾፌሮች ተሰብስበው ነበር። ከመካከላቸው አንዱ እንኳ አልሳቀም።

መለኪያዬን ሰጠኋቸው፤ ለእኔ ሌላ ነበረኝ። ከዚያ በኋላ የሚያነቡት ቁጥር በዕድሜያቸው ካነበቡት ሁሉ የታመነ ነበር። «ሂድ» ማለትን ግን ተዉ። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ፈንዲ፣ ልሂድ?» ሲል፣ «ግፊቱ ይኸው፤ ራስህ እይ» ይላሉ። እጃቸው ከኪሳቸው አይወጣም። ሾፌሮቹ ለመኑ፣ ቀለዱ፣ ተቆጡ። አንድ ቀን ጂሎ መኪናዋን ደጃፉ ላይ አቁሞ፣ «ሂድ ካላልከኝ አልንቀሳቀስም» ብሎ ፀሐይ እስክትጠልቅ ተቀመጠ። ጋሽ ደርቤ ጋራዡን ዘግተው ቤታቸው ገቡ።

ከተማው የተሳሳተ ፍርድን ይቅር ብሏል፤ ይህን በትክክል አይቻለሁ። ይቅር ያላለው ፍርድ ማጣትን ነው። በረሃ የሚገባ ሰው ቁጥር አይበቃውም። ቀስ በቀስ መኪኖቹ ወደ ሌላ ጋራዥ ዞሩ፤ ባለቤቱ መለኪያ የሚባል ነገር የሌለው፣ ለመጣው ሁሉ በደስታ «ኔንዳ!» የሚል ሰው ነበር። ጋሽ ደርቤ ጎማ ለጣፊ ሆኑ። ሸሚዛቸውን ግን እንደ ቀድሞው እስከ አንገታቸው ይቆልፉ ነበር።

ባልናገር ይሻል ነበር የሚሉኝ ሰዎች አጋጥመውኛል። አይሻልም ነበር። ብዙ ደህና ሞተሮች በከንቱ ይከፈቱ ነበር፤ ሌላ ሀዋም መኪናዋን ትሸጥ ነበር። ዛሬም ቢሆን መስተዋቱን አስከፍታለሁ። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። በዚያ መለኪያ ውስጥ የተንሸራተተችው መርፌዋ ብቻ ነበረች፤ ጆሮአቸው ሁልጊዜ እውነቱን ነግሯቸዋል። እሳቸው ግን የተሳሳተውን ትተው ያልተሳሳተውን ጆሮአቸውን ቀጡ። ይህን ነግሬያቸዋለሁ። «ዶክተር፣ አንቺ ማስረዳት ትችያለሽ» አሉኝ።

ከሞያሌ የወጣሁበት ዕለት ፒካፑን በጋራዡ ፊት አቆምኩ። የጂሎ መኪና ጎማዋ ወልቆ እዚያው ነበረች፤ ጂሎ ጥላዋ ሥር ተጋድሟል። ሞተሬን በማለዳው ራሴ ለክቼዋለሁ፣ ምንም ጉድለት አልነበረበትም። ሆኖም መስኮቱን ዝቅ አደረግሁ።

«ጋሽ ደርቤ፣ ልሂድ?»

ቀና አሉ። ከጎማው ላይ ተነሥተው መጡ፣ እጃቸውን ጠረጉ፣ ኮፈኑ አጠገብ ቆመው አዳመጡ። ረጅም ጊዜ አዳመጡ።

«መለኪያሽ ምን ይላል?»

«ደህና ነው ይላል።»

«እንግዲያው እኔን ለምን ትጠይቂኛለሽ?»

ወደ ጎማቸው ተመለሱ፤ እኔም ሄድኩ።

ጂሎ በስልክ ስለ ቀብሩ ሲነግረኝ ይህንኑ ቀን አነሣ። «ታስታውሻለሽ፣ እኔ ከመኪናዋ ሥር ነበርኩ» አለ። «ከሄድሽ በኋላ ፈንዲ ቆሞ ሲያዳምጥ ነበር። ቡቲዬን አልፈሽ አቧራሽ ብቻ ሲታይ፣ የእኔን ኮፈን በመዳፉ አንዴ መታ አደረገው። ‹ሂጂ› አለ። ከሀዋ ነገር ወዲህ ለሌላ ለማንም ሲል አልሰማሁትም። እውነቴን ነው፣ ዶክተር።»

ጂሎ ሐዘን ላይ ያለ ሰውን ለማጽናናት የሚዋሽ ሰው ነው። በሌላ በኩል የእሱ ጆሮ የሀዋን መኪና በትክክል ሰምቷል። ሁለቱን እያመዛዘንኩ ብዙ ቆየሁ። ይህን የምለካበት መሣሪያ የለኝም።